የትዳርና የልጅ ቪዛ፦ ማመልከቻው ከመከፈቱ በፊት አዲስ አበባ ላይ የሚያልቅ ጉዳይ

ጥያቄ፣ ከአራት ኪሎ

ሰላም ለዚህ ቤት። ባል የአሜሪካ ዜጋ ነው፣ ሚስት አዲስ አበባ ናት። የተጋቡት በቤተ ክርስቲያን ሲሆን ወረዳ ሄደው ገና አላስመዘገቡም። ሚስት ከቀድሞ ትዳሯ የ11 ዓመት ልጅ አላት። ከቀድሞ ባሏ ጋር የተለያዩት በሽማግሌ ነው። የልደት ሰርተፊኬቷና ፓስፖርቷ ላይ ያለው የትውልድ ቀን ደግሞ በአንድ ቀን ይለያያል። ማመልከቻውን አሁኑኑ ማስገባት ይሻላል ወይስ መጀመሪያ ወረቀቱን ማስተካከል? የምታውቁ ብትመልሱልን።

መልስ፣ ከልደታ

ማመልከቻውን አሁን አያስገቡ። እርስዎን ያሳሰበዎት የአንድ ቀን ልዩነቱ ይመስላል፤ ፋይሉን የሚጥለው ግን «በሽማግሌ ነው የተለያዩት» ያሉት ነው።

በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የሰጠው ለፍርድ ቤት ብቻ ነው። በቀድሞው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ስለነበሩ ብዙ ቤተሰብ እስከ ዛሬ በዚያው ልማድ ይሄዳል። ሽማግሌ ማስማማት ይችላል፣ ንብረት ማካፈልም ይችላል። ትዳር ማፍረስ ግን አይችልም። ስለዚህ ሴትየዋ በሕግ ዓይን ዛሬም የመጀመሪያው ሰው ሚስት ልትሆን ትችላለች።

«ልትሆን ትችላለች» ያልኩት መጀመሪያ የሚጣራ ነገር ስላለ ነው። የቀድሞው ግንኙነት ጋብቻ ነበር ወይስ ሳይጋቡ አብሮ መኖር? ሕጉ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ድግስ ተደግሶ የተፈጸመ የባህል ጋብቻ ባይመዘገብም ጋብቻ ነው። ምዝገባው ለማስረጃ እንጂ ለመጽናት አይደለም። ምንም ሥርዓት ሳይፈጸም አብረው ብቻ ኖረው ከነበረ ግን የፍርድ ቤት ፍቺ አያስፈልግም። በወረቀት መደገፍ ያለበት ያላገባች መሆኗ ነው።

ጋብቻ ከነበረ መንገዱ ይህ ነው። ሁለቱ ከተስማሙ በስምምነት ለመፋታት ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት አብረው ያመለክታሉ። በስምምነታቸው ውስጥ የልጁ አስተዳደግ፣ ቀለብና ንብረት መካተት አለበት። የውሳኔውን ግልባጭ በፍርድ ቤቱ ማኅተም ካወጡ በኋላ ፍቺውን በወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። ኤምባሲ ሁለቱንም ሊጠይቅ ስለሚችል ሰርተፊኬቱን ይዞ ውሳኔውን መተው አያዋጣም።

የአሜሪካ ሕግ የሚመለከተው አዲሱ ጋብቻ በተፈጸመበት ቀን ሁለቱም ነፃ የነበሩ መሆናቸውን ነው። ዛሬ የተሰጠ ፍቺ ትናንት የተፈጸመውን የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ወደ ኋላ ሄዶ አያጸናውም። ስለዚህ ከፍቺው በኋላ በክብር መዝገብ ሹም ፊት እንደ አዲስ መጋባት፣ ማመልከቻው ላይም ይህን ቀን የጋብቻ ቀን አድርጎ መጻፍ ይሻላል። የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት አትደብቁት። ፎቶው አለ፣ የአጥቢያው ምስክር ወረቀት አለ፣ በቃለ መጠይቅ መውጣቱ አይቀርም። የሆነውን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከፋይሉ ጋር ይግባ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገርም አለ። ሴት ከፍቺ በኋላ 180 ቀን ሳይሞላ እንደገና እንዳታገባ ይኸው ሕግ ይከለክላል። በዚህ መካከል ከወለደች፣ እርጉዝ አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ ወይም ፍርድ ቤት ከፈቀደ ግን መጠበቅ የለባትም። የሐኪሙን ማስረጃ ይዞ መሄድ ግማሽ ዓመት ያተርፋል።

ባልየውም ባዶ እጁን እንዳይመጣ። ያላገባ፣ አግብቶ ከነበረም የፈታ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ አሜሪካ አስረጋግጦ፣ ዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማኅተም አስደርጎበት ይምጣ። ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። ተጋቢዎቹ ራሳቸው መቅረብ አለባቸው፤ በውክልና መጋባት በሕጋችን የሚቻለው የፍትሕ ሚኒስቴር በከባድ ምክንያት ሲፈቅድ ብቻ ነው። ያም ቢፈቀድ ብዙ አገሮች አይቀበሉትም።

መልስ፣ ከፒያሳ

ስለ ትውልድ ቀኑ። ብዙውን ጊዜ የዚህ ልዩነት ምክንያት የሰነድ ማጭበርበር ሳይሆን የቀን ልወጣ ነው፤ ግን ማስረዳት የሚጠበቀው ከአመልካቹ ነው። መስከረም 1 እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ቀጥሎ የሚገባው ዘመነ ዮሐንስ ሴፕቴምበር 12 ይጀምራል። ይህ ፈረቃ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ጨምረው እስኪያስተካክሉት ይቆያል። ለምሳሌ ጥር 1 ቀን 1985 ዓ.ም. ጃንዋሪ 9 ቀን 1993 ነው። ጥር 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 10 ቀን 1992 ነው። በደፈናው «ጥር 1 ማለት ጃንዋሪ 9» ብሎ የቀየረ ጸሐፊ በዘመነ ዮሐንስ በጥር የተወለደውን ሁሉ በአንድ ቀን ያሳስተዋል። የሴትየዋ ዓመተ ምሕረት ለአራት ሲካፈል ቀሪ ከሌለው፣ የተወለደችውም ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ከሆነ ምክንያቱን አገኛችሁት።

የትኛው ይስተካከል? የኢትዮጵያው ቀን በሁሉም ላይ አንድ ከሆነና የተሳሳተው ልወጣው ብቻ ከሆነ፣ ልወጣው የተሳሳተበትን ሰነድ ያስተካክሉ። ሰርተፊኬቱ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ወረዳው ያርመዋል። ፓስፖርቱ ከሆነ የልደት ማስረጃውን ይዞ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ወዳለው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት መሄድ ነው። ጊዜ ስለሚወስድ ከፍርድ ቤቱ ጉዳይ ጎን ለጎን ይሂድ። ፋይዳውና የነዋሪነት መታወቂያው ላይ ያለውንም አብራችሁ እዩ።

በስም በኩል ትልቁ ጣጣ የላቲኑ አጻጻፍ ነው። «ኃይለ» ወይም «ጽጌ» በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በትምህርት ማስረጃ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። መለኪያው ፓስፖርቱ ይሁን፤ ትርጉም የሚሠራው ቢሮም የፓስፖርቱን ፊደል ይከተል። በሌላ አጻጻፍ የወጡትን «ሌሎች የተጠቀምኩባቸው ስሞች» በሚለው ቦታ ሁሉንም ዘርዝሩ። የአያት ስም የሌለበት የቆየ ሰነድ ካለ እሱም እዚያው ይገባል።

ከፒያሳና ከካዛንቺስ በልማት የተነሳችሁ፣ የቀድሞ ወረዳችሁ ፋይል የት እንደተዛወረ ማመልከቻው ሳይጀመር አጣሩ። ሰርተፊኬት የሚታረመው መዝገቡ ባለበት ነው፤ አዲሱ ሰፈራችሁ ያለው ወረዳ መዝገቡ ሳይደርሰው ሊያርምላችሁ አይችልም።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከልደታ የመለሱልን ሁሉንም ብለውታል። ከዚያ በኋላ ያለው የአሜሪካው መንገድ እንዲህ ነው።

ባልየው ለሚስቱ አንድ አይ-130 (የቤተሰብ ማመልከቻ ቅጽ)፣ ለልጁ ሌላ አይ-130 ያስገባል። የዜጋ ሚስት ልጇን በራሷ ፋይል ይዛ መግባት አትችልም፤ ብዙ ቤተሰብ እናት ቪዛ አግኝታ ልጅ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። አመልካቹ ግሪን ካርድ ያዥ ቢሆን ኖሮ ልጁ በእናቱ ፋይል ሥር ይገባ ነበር፣ ወረፋው ግን አለ። ወረፋ እየጠበቀ ዜጋ የሚሆን ሰው ካለ፣ ያን ጊዜ ለልጆቹ የተለየ ፋይል መክፈት እንዳይረሳ። የእንጀራ ልጅነት የሚታወቀው ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ሳይሞላው ከሆነ ነው። 11 ዓመቱ ስለሆነ እንደ አዲስ መጋባቱ አይጎዳውም። ልጁ 17 ቢሆን ኖሮ ግን እያንዳንዱ ወር ዋጋ ነበረው።

በኤፕሪል 2024 በወጣው ታሪፍ አይ-130 በኦንላይን 625፣ በወረቀት 675 ዶላር ነው። ከጸደቀ በኋላ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ ቪዛ ማዕከል ይሄዳል። እዚያ ለእያንዳንዱ ሰው 325 ዶላር፣ ለስፖንሰር ሰነዱ 120 ዶላር ይከፈላል፤ ክፍያው አሜሪካ ካለ የባንክ ሂሳብ ነው። ከዚያ ዲኤስ-260 የሚባለው የቪዛ ቅጽ ይሞላል። ይህ ቅጽ ከ16 ዓመት ጀምሮ የኖሩበትን አድራሻ ሁሉ ይጠይቃል። ዱባይ ወይም ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች ሴት ያንን እንዳትዘለው። ከ16 ዓመቷ በኋላ ከ12 ወር በላይ ከኖረችበት አገር የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። ከአንዳንድ አገር ከወጡ በኋላ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ፍለጋው ከአይ-130 ጋር እኩል ይጀመር።

አይ-864፣ ማለትም የስፖንሰርነቱ ቅጽ፣ ብዙ የእኛ ሰው የሚወድቅበት ነው። ገቢው ከድህነት መስመሩ 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ በ2025 ሰንጠረዥ ለሁለት ሰው 26,437 ዶላር ነበር፣ ሰንጠረዡም በየዓመቱ ይቀየራል። ለዚህ ቤተሰብ ግን ቁጥሩ ቢያንስ ሦስት ነው፦ እሱ፣ ሚስቱ፣ ልጁ። አሜሪካ ያሉ ልጆቹና ቀደም ብሎ ስፖንሰር የሆነላቸው፣ ግዴታው ያላበቃላቸው ሰዎችም ይቆጠራሉ። ኡበርና ታክሲ የሚነዱ ወንድሞች፣ ይህን ልብ በሉ፦ የሚታየው በዓመት የገባው ጠቅላላ ገንዘብ ሳይሆን ታክስ ላይ ከወጪ በኋላ የቀረው ነው። ቤንዚኑ፣ ጥገናው፣ ማይሉ ተቀናንሶ ታክሱን ያሳነሰ ወረቀት ስፖንሰርነቱንም ያሳንሰዋል። ካልደረሰ አሜሪካ የሚኖር ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ተጨማሪ ስፖንሰር ይሁን። የሚፈርመው ሰው ግን ግዴታው በፍቺ እንደማያበቃ ይነገረው፤ መጪዋ ዜጋ እስክትሆን ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ጊዜ እስኪሞላላት ሊቆይ ይችላል።

የግንኙነት ማስረጃ ላይ ብዛት አይጠቅምም። በተለያየ ጊዜ የተነሱ፣ ቀንና ቦታ የተጻፈባቸው፣ የሁለቱ ቤተሰብ የሚታይባቸው ከ15 እስከ 20 ፎቶዎች ከአንድ ሠርግ 300 ፎቶ ይበልጣሉ። በፓስፖርት የታተመ የጉዞ ማኅተም፣ በባንክ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ፣ ከየወሩ ጥቂት ገጽ የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ንግግር ጨምሩ። በሰው እጅ የተላከ ገንዘብ ማስረጃ የለውም።

ሕክምናው ኤምባሲው በሰየማቸው ሐኪሞች ብቻ ነው። 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ራጅ ይነሳል፤ ለልጁ የደም ምርመራ አለ። ራጁ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ከታየ ሦስት ቀን ተከታታይ አክታ ይሰጣል። የአክታው ካልቸር (የላቦራቶሪ ምርመራ) እስከ 8 ሳምንት ስለሚቆይ የአውሮፕላን ትኬት ቪዛው እጅ ሳይገባ አይቆረጥ። ቪዛው ከተሰጠ በኋላ ከጉዞ በፊት 235 ዶላር የግሪን ካርድ ክፍያ አለ። ሚስት ስትገባ ትዳሩ ሁለት ዓመት ካልሞላው የምታገኘው የሁለት ዓመት ካርድ ነው፤ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ቋሚውን ካርድ ለማግኘት አይ-751 የሚባለው ቅጽ መግባት አለበት።

የአሜሪካ ደንብ በፕሬዚዳንት ውሳኔ በአንድ ቀን ሊቀየር ይችላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የዕለቱን ማስታወቂያ ከኤምባሲው ገጽ አንብቡ፤ ሽሮ ሜዳ በር ላይ ከቆመ ጉዳይ አስፈጻሚ አትስሙ። ቅጾቹ በነፃ የሚወርዱ ናቸው። «እኔ ታሪኩን አሳምሬ እጽፈዋለሁ» የሚል ሰው የሚጽፈውን ሐሰት የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ፤ በዚያ የሚመጣ እገዳም ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል።

መልስ፣ ከቶሮንቶ

ካናዳ ለሚያስቡ አጭር ነገር። ስፖንሰሩ ራሱ ካናዳ ሲገባ ሚስቱን ወይም ልጁን በቅጹ ላይ ካላስመዘገበ፣ በኋላ በቤተሰብ መደብ ሊያመጣቸው እንዳይችል ሕጉ ሊያግደው ይችላል። በጥገኝነት የመጡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በዚህ ይያዛሉ፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለው ሰው ሌላ ማመልከቻ ሳያስገባ ጠበቃ ያማክር። በስልክ፣ በኢንተርኔት ወይም በውክልና የተፈጸመ ጋብቻ ከጁን 2015 ጀምሮ ተቀባይነት የለውም። ለትዳር ጓደኛ በአብዛኛው የገቢ መጠን አይጠየቅም፤ የሦስት ዓመት የመርዳት ግዴታ ግን ይፈረማል።

መልስ፣ ከፍራንክፈርት

ጀርመን ለትዳር ጓደኛ የኤ1 (የመጀመሪያ ደረጃ) የጀርመንኛ ቋንቋ ማስረጃ ይጠይቃል፤ አዲስ አበባ ፈተናውን ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ይሰጣል። ባል ወይም ሚስት ጀርመን ላይ እንደ ስደተኛ ዕውቅና ካገኙና ትዳሩ ጀርመን ከመግባታቸው በፊት የነበረ ከሆነ ኤ1 አይጠየቅም። ዕውቅናው ከተሰጠ በ3 ወር ውስጥ ቤተሰቡን ለማምጣት ማመልከቻ ከገባ ደግሞ የገቢና የቤት ስፋት መስፈርቱ ይቀራል። ቀጠሮ እስኪደርስ መጠበቅ ቀኑን ያሳልፈዋል፤ ቤተሰብ ለማምጣት እንደምትፈልጉ የሚገልጽ ማሳወቂያ በጽሑፍ አስገቡና ማረጋገጫውን አስቀምጡ።

ጥያቄ፣ ከአራት ኪሎ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ብቻ፦ የልጁ አባት አዲስ አበባ አለ፣ ለመፍቀድም ፈቃደኛ ነው። ደብዳቤ ጽፎ ቢሰጠን ይበቃል?

መልስ፣ ከልደታ

በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ አይበቃም። ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይፈርም። ጽሑፉ «ለጉዞ» ብቻ ቢል ለጉብኝት ሊመስል ስለሚችል «ከእናቱ ጋር አሜሪካ በቋሚነት እንዲኖር» የሚል ይሁን። የልጁ ስም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ የአባቱ ስምም ከልጁ የልደት ሰርተፊኬት ጋር አንድ መሆኑን ከመፈረሙ በፊት አስተያዩ። ፍቺው ገና ስለሚወሰን ደግሞ የልጁ አሳዳጊ እናቱ መሆኗን በስምምነቱ ውስጥ አስገቡት፣ ፍርድ ቤቱ አብሮ ያጸድቀዋል። አባትየው ዛሬ ፈቃደኛ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ሰሞን ጨርሱ።