የጥጥ ጨርቅን በማይክሮዌቭ ማቅለም ያዋጣል ወይ?

ጠያቂ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ሐዋሳ ውስጥ የሽመና ውጤቶችን በሪአክቲቭ ቀለም (ከጥጥ ክር ጋር በኬሚካል በሚተሳሰር ቀለም) የምናቀልም ጥቂት ሰዎች ነን፤ በርሜል ሙሉ ውሃ በማገዶ እያፈሉ መሥራቱ ወጪውም ጭሱም ከብዶናል። ጨርቁን በቀለሙ ነክሮና ጨምቆ በማይክሮዌቭ ማሞቅ ይህን ያቃልላል? ፍሳሹንስ ይቀንሳል?

መልስ 1፦ ማገዶውን በእርግጥ ያስቀራል። የማይክሮዌቭ ምድጃ በ2.45 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሚያሞቀው በዋናነት በጨርቁ ውስጥ ያለውን ውሃና በውሃው የሟሙትን ጨዎች ስለሆነ፣ በርሜሉን ማፍላት ሳያስፈልግ ሙቀቱ እዚያው እርጥቡ ክር ውስጥ ይፈጠራል። ሆኖም ቀለሙ ከጥጡ ጋር እንዲተሳሰር እንደ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ያለ አልካሊ የግድ ነው፤ ማይክሮዌቭ ጊዜውን ያሳጥራል እንጂ አልካሊውን አይተካም።

መልስ 2፦ ወንድሜ፣ ጥለቱን አስቀድመው ይመልከቱ። የብረትነት ያለው የወርቅ ወይም የብር ክር ካለበት ብልጭታ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይግባ። ተጣጥፎ የገባ ጨርቅ ሙቀቱ እኩል ስለማይደርሰው ጠርዙ ደምቆ መሃሉ ሊደበዝዝ ይችላል፤ እርጥበቱ ያለቀ ጨርቅ ደግሞ ያርራል፣ ሊነድም ይችላል። ምግብ የሚሞቅበትን ምድጃ ለዚህ ሥራ አያውሉት።

መልስ 3፦ ስለ ፍሳሹ ልጨምር። በመንከርና በመጭመቅ ሲሠራ በገንዳ ውስጥ ከማቅለም ይልቅ ውሃውም ጨውም በብዙ ያነሰ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅም ከምድጃው ይልቅ ይህ ነው። ከጥጡ ጋር ያልተሳሰረው ቀለም ግን በእጥበት መውጣቱ አይቀርም። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ስለሌለው የገባበት ብክለት በቀላሉ ታጥቦ አይወጣም፤ ስለዚህ የእጥበቱን ውሃ ወደ ቦይ ከመልቀቅ በፊት ማጣሪያ ያዘጋጁ።