ክርክር፦ የአእምሮ ሕመም መነሻው የአንጎል ደም ሥር ነው?

አስተባባሪ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) እና ኦቲዝም የሚጀምሩት ገና በፅንስ ጊዜ፣ የአንጎል ደም ሥሮች ሲሠሩ ነው የሚሉ አሉ። ለቤተሰብ እንዲህ ብለን እንናገር ወይስ ገና ነው? ስድብ የለም፤ ያለፈው ሳምንት ይበቃናል።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ እኔ እንናገር ባይ ነኝ። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም ከጉልበታችን 20 በመቶውን ይበላል። ኦክስጅኑንና ስኳሩን የሚያደርሱለት ደም ሥሮች ናቸው። ዝም ብለው ቱቦ ደግሞ አይደሉም። የግድግዳቸው ህዋሶች ጥብቅ ብለው ተያይዘው አጥር ይሠራሉ፤ ደም ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አንጎል አይገባም። ከሚያያይዟቸው ፕሮቲኖች ዋናው ክላውዲን-5 ይባላል። ጂኑ፣ ማለትም ፕሮቲኑ የሚሠራበት የዘር መመሪያ፣ ያለው 22ኛው ክሮሞዞም (ጂኖችን የያዘ የህዋስ ክር) ላይ ነው። አንዳንድ ልጆች ከዚሁ ክሮሞዞም ይህን ጂን የያዘው ቁራጭ ጎድሏቸው ይወለዳሉ። ከእነሱ ከ4 አንዱ ገደማ ሲያድግ ስኪዞፍሬኒያ ይይዘዋል። በሌላው ሕዝብ ከ100 ሰው አንድም አይሞላም። እና ይሄ ግጥምጥሞሽ ነው?

ፋርማሲስቱ፦ ቆይ እንጂ! የጎደለው ቁራጭ ላይ ከ30 በላይ ጂኖች አሉ። አንዱን መርጦ መክሰስ ሠርግ ላይ ዕቃ ሲጠፋ አጠገብህ ያገኘኸውን እንግዳ እንደ መያዝ ነው።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ ለዚህም መልስ አለ። ደብሊን የትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች አይጦች ላይ ክላውዲን-5ን ብቻ ለይተው ቀነሱ። አጥሩ ላላ፣ ባህሪያቸውም ተቀየረ። በስኪዞፍሬኒያ ታመው የሞቱ ሰዎች አንጎል ሲታይም ፕሮቲኑ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ቦታ ቦታ ተቋርጦ ተገኘ። በፈረንጆቹ 2018 ታትሟል።

ፋርማሲስቱ፦ በራስህ ማስረጃ ተያዝክ። አይጦቹ እኮ ያደጉ ናቸው። ደም ሥራቸው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው አጥሩ የላላው። ፅንሱ የት ገባ? ኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት ያሉ ተመራማሪዎችም በ2017 ያሳዩት ይህንኑ ነው። ወንድ አይጥ በየቀኑ ከጉልበተኛ አይጥ ጋር ይገናኛል፣ ይደበደባል። ከዚያ ቀዳዳ ባለው መከለያ ተለይቶ እዚያው አጠገቡ ያድራል፤ እያየው፣ እያሸተተው። ድባቴ የሚመስል ነገር የታየባቸው አይጦች ላይ ክላውዲን-5 ቀነሰ። ችለው ያለፉት ላይ አልቀነሰም። አጥሩን ያፈረሰው ዱላው ነው፣ ማህፀን አይደለም።

ሐኪሟ፦ ለድባቴ እሺ። ኦቲዝም ላይ ግን አልስማማም። 16ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ጉድለት ከኦቲዝም ጋር ይያያዛል። ኦታዋ ያሉ ተመራማሪዎች በ2020 ጉድለቱን የደም ሥር ግድግዳ ህዋሶች ላይ ብቻ አደረጉት። ነርቮቹ አልተነኩም። አይጦቹ ግን ቅብጥብጥ ሆኑ፤ አዲስ እንቅስቃሴ መልመድም ከበዳቸው። ሁሉም ምልክት አልመጣም። የመጣው ግን ከደም ሥር ብቻ መጣ።

ነርሷ፦ የምሠራው የሥነ አእምሮ ክፍል ነው። አይጡን ተዉትና እናትየዋን አስቡ። «ማህፀን ውስጥ ነው የጀመረው» ስትሏት የምትሰማው «አንቺ ነሽ» ነው። ምን በልቼ ይሆን፣ ማን ረግሞኝ ነው ትጀምራለች። የባል ዘመዶችም ያግዟታል! አሜሪካም በ1950ዎቹ ኦቲዝም የሚመጣው እናት ፍቅር ስለነፈገች ነው ይባል ነበር። ስንቷን አስለቀሰ።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ ይሄማ ይመለሳል። የ22ኛው ክሮሞዞም ጉድለት 90 በመቶ ገደማ ከወላጅ የወረደ አይደለም። እንዲሁ በአጋጣሚ ነው የሚፈጠረው። ያንን ንገሪያት።

ነርሷ፦ ምርመራውን የት አግኝታ? እኔን የሚጠይቁኝ ጸበል ሲገባ ኪኒኑን ያቋርጥ ወይ ብለው ነው።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ እንግዲያው ይሄን ያዢ። በዚያው የደብሊን ጥናት የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒቶች ክላውዲን-5ን ከፍ ሲያደርጉ ታይተዋል።

ፋርማሲስቱ፦ አይጥና ላቦራቶሪ ውስጥ! ነገ «ኪኒኑ ደም ሥር ይጠግናል» ብሎ የሚለጥፍ አይጠፋም።

ነርሷ፦ እኔ የምላቸው አንድ ነው። ጸበሉንም ሂድ፣ ኪኒኑንም ዋጥ፣ ቀጠሮህን አትቅር። ስለ ደም ሥሩ ከጠየቁኝ እመልሳለሁ። ሳይጠይቁኝ አልጀምርም።