ከብየዳ በኋላ እጅ የማይደርስበትን ላሜራ በምን ልቀባው?

ሰላም ባለሙያዎች፣ እዚህ ደብረ ብርሃን የሚኒባስ የበር ሥር ደፍ እየቀየርን ነው። 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በላሜራ ላይ ይደረባል፤ የላይኛው በ8 ሚሊ ሜትር ተበስቶ ቀዳዳው በሚግ (በጋዝ ተከልሎ ሽቦ እያቀለጠ በሚበይድ ማሽን) ይሞላል። ጭንቀቴ የመደረቢያው መሐል ነው፤ አንዴ ከተበየደ ብሩሽ አይገባበትም። በደጋው ጤዛ ደግሞ ባዶ ብረት አድሮ ይዝጋል።

ተራ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) አይሆንም፤ ይቃጠልና ጭሱ ብየዳውን ወንፊት ያደርገዋል። ታዲያ ተቀብቶ የሚበየድበት ፕራይመር (ከሥር የሚቀባ ቀለም) ዚንክ ያለው ይሻላል ወይስ መዳብ ያለው? ዚንክ ከብረቱ ቀድሞ እየተበላ ይጠብቀዋል። ነገር ግን 907 ዲግሪ ላይ ስለሚተን ብረቱ ሳይቀልጥ እሱ ይፈላል፤ ብየዳው ይንጣጣል። የመዳቡ መንጣጣት ያነሰ ነው፤ ሆኖም እርጥበት ካገኘ ብረቱን ራሱን ያስበላል ብዬ እሰጋለሁ።

ዚንኩን በስሱ ረጭቼ፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ብቻ ብረቱ እስኪያበራ ፍቄ ብበይድ ይበቃል? ውፍረቱ ስንት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ላይ ይቁም? ዳሩ ላይ የተረፈውን ዚንክ ሳልፍቅ ኢፖክሲ ቀለም ብደርብበትስ ይላጣል? የዚንክ ጭስ ትኩሳት ስለሚያመጣ በር ከፍተን ነው የምንሠራው፤ ነፋሱ ግን የሚጉን ጋዝ ይበትንብናል። ለዚህም መላ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።