«ሎንሊ» ብዬ ጉድ ሆንኩ

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እንግሊዝኛ የምትችሉ እስኪ እርዱኝ። ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ሄጄ ነርሷ ከማን ጋር እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ብቻዬን ለማለት «አይ አም ሎንሊ» አልኳት። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ወረቀት አወጣች። ባለፉት 2 ሳምንታት ተስፋ ቆርጠሻል ወይ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎሻል ወይ፣ ብቻ 9 ጥያቄ። እኔ የሄድኩት ለሆዴ! ሐሙስ ደግሞ በማደንዘዣ አንጀቴን ሊያዩ ነው። ከዚያ በፊት ደውለው «ዱ ዩ ሊቭ አሎን»፣ ብቻሽን ነው የምትኖሪው፣ ይሉኛል አሉ። ቤዝመንት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ኩሽናውን ከ2 ልጆች ጋር እንጋራለን። ምን ልበል?

መምህሩ ከዴንቨር፦ እህቴ፣ «አሎን» አጠገቤ ሰው የለም ነው፤ ስሜት የግድ የለበትም። «ሎንሊ» ግን ሰው ራበኝ ነው። ሠርግ ቤት መሃል ተቀምጠሽም ሎንሊ ልትሆኚ ትችያለሽ። ለነርሷ «አይ ኬም ባይ ማይሰልፍ» ይበቃ ነበር። «ኦን ማይ ኦውን» ራሴን ችዬ የሚል ቃናም አለው። «ባይ ማይ ኦውን» የምትሉት ግን የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ተዉት።

ሹፌሩ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ ዋናው ፎርሙ ነው። ፉድ ስታምፕ፣ የመንግሥት የምግብ ድጎማው፣ ላይ ብቻዬን ነኝ የሚባለው በአልጋ አይደለም፣ በድስት ነው። አብሮ ገዝቶ አብሮ የሚያበስል አንድ ቤት ነው። ባልና ሚስት ግን ድስት ቢለያዩም አንድ ናቸው። ታክስ ላይ ያለው «ሲንግል» ደግሞ ትዳር የለኝም ነው፤ 10 ሆናችሁ ብትኖሩም አይቀየርም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ኧረ እኔ የጠየቅኩት ስለ ሐሙስ ነው።

የለንደኗ፦ እዚህ በ2018 መንግሥት የብቸኝነት ሚኒስትር ሾመ። ለእማዬ በስልክ ስነግራት «ጎረቤት የላቸውም እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ። ግን ቅዳሜ ቡና ሳፈላ እስካሁን 6 ስኒ እደረድራለሁ። የማጥበው አንዱን ነው።

ሹፌሩ፦ አንቺስ እማዬ ታወራሻለች። እኔ 2 ሥራ እየሠራሁ ወር በገባ ቁጥር እልካለሁ፤ ሲደውሉ «ደህና ነህ?» የለ፣ «ላክህ?» ብቻ። እሱን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል?

መምህሩ፦ እሱ ሎንሊ ነው ወንድሜ።

ሹፌሩ፦ ሎንሊ አይደለሁም! ደክሞኝ ነው።

የለንደኗ፦ ልከህ ባትማረር! ጤፍ ስንት ገባ ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?

ሹፌሩ፦ ቤንዚንስ እዚህ ስንት ነው ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ?

ነርስ ከሲያትል፦ ኧረ ልጅቷን መልሱላት። እህቴ፣ ጥያቄው የሰዋሰው አይደለም። ከማደንዘዣው በኋላ ያን ቀን መንዳት የለም። ማን ይወስድሻል፣ ማታስ ማን ያይሻል ማለታቸው ነው። ብዙ ቦታ ታክሲ ጠርቼ እሄዳለሁ ብትያቸው እሺ አይሉሽም። «አይ ሊቭ ዊዝ ሩምሜትስ»፣ ቤት ከሚጋሩኝ ጋር ነው የምኖረው፣ በያቸው። የሚወስድሽ ሰው አለ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ልጆቹ ሐሙስ ሥራ ናቸው።

መምህሩ፦ አንድ እርማት። የሚጋሩት ኩሽና ብቻ ከሆነ «ሀውስሜት» ይሻላል።

የለንደኗ፦ እኛ ጋ «ፍላትሜት» ነው።

ነርስ ከሲያትል፦ አሜሪካኖቹ ሁሉንም ሩምሜት ነው የሚሉት።

ሹፌሩ፦ ቆይ እናንተ፣ ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው ያለችው?