ክረምቱን የቆመ ኮምፕሬሰር ዝገት ውሃ ይተፋል፤ ምን ላድርግ?

ከቆጪ
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ቆጪ ነው የምኖረው። ባለ 50 ሊትር ኮምፕሬሰር አለኝ፤ ዘይት የሚወስደው ዓይነት ነው፣ እስከ 8 ባር ይሞላል። የገዛሁት በርጩማና ወንበር ቨርኒሽ ለመንፋት ነበር። አሁን ሥራዬ ሌላ ስለሆነ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ቢነሳ ነው። ክረምቱን ጓዳ ውስጥ አፈሩ ላይ አስቀምጬ፣ እርጥበት እንዳይነካው ብዬ በላስቲክ ጥቅልል አድርጌ ሸፈንኩት። ባለፈው ሳምንት የእህቴን ወንበሮች ልቀባ አስነሳሁት። መጀመሪያ ጥሩ ነፋ። ከዚያ ቡናማ ውሃ እየተፋ ሁለት ወንበር አበላሸብኝ፣ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ሊኖርብኝ ነው። የዘይቱን መስታወት ሳየው ደግሞ ማኪያቶ መስሏል። አንድ ሰው «አየር ሞልተህ አስቀምጠው፣ ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) እንዳይደርቅ» ብሎኝ እንደዚያ ነበር ያደረግኩት። ልክ ነው? የመኪና ዘይትስ ባደርግበት ይሆናል?

የድሮ ጎሚስታ
አየር ሞልተህ አታስቀምጥ፣ ያሳሳተህ እሱ ነው። ማሽኑ የሚስበው የጅማን አየር ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ አየሩ እርጥብ ነው። ያ እርጥበት ታምቆ ታንከሩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆንና ታች ይተኛል፣ ብረቱንም ከውስጥ ይበላዋል። ቀለሙ ከውጭ እንደ አዲስ እያብረቀረቀ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል።

ከታንከሩ ሥር ማፍሰሻ አለ። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል። አየሩን አስተንፍሰውና 1 ባር ገደማ ሲቀረው ማፍሰሻውን ቀስ ብለህ ክፈት፣ የቀረው አየር ራሱ ውሃውን ገፍቶ ያወጣልሃል። ወደዚያ በኩል ዘንበል አድርገው፣ የተኛ ውሃ እንዳይቀር። ከዚያ ክፍቱን ተወው፣ እስክትጠቀምበት ድረስ አትዝጋው።

ዘይቱ ማኪያቶ የሆነው ውሃ ስለገባበት ነው። ለአምስት ደቂቃ ተነስቶ የሚጠፋ ማሽን በደንብ አይሞቅም፤ ካልሞቀ እርጥበቱ ከዘይቱ አይወጣለትም። ቀይረው። የኮምፕሬሰር ዘይት ፈልግ፤ የዚህ ዓይነቶቹ ብዙዎቹ ውፍረቱ 100 ቁጥር የሆነውን ይወስዳሉ፣ መመሪያው እጅህ ላይ ካለ ግን እሱን እመን። የመኪና ዘይት ውስጥ ያለው ማጠቢያ ውሃውን ይዞ ያስቀረዋል፣ ቫልቩም ላይ ጥቀርሻ ይሠራል። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ መውጫውን ትንሽ ከፈት አድርገህ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስነሳው። ስትጨርስ አፍስሰው።

ከሂርማታ
ላስቲኩን ጣለው ወንድሜ። ከአፈሩ የሚነሳው እርጥበት ከሥሩ ይገባና መውጫ ያጣል። እኔ የቤት ዕቃ ቀለም ነው የምሠራው፤ የኔን ሁለት ጣውላ ላይ አስቀምጬ አሮጌ አንሶላ ጣል አደርግበታለሁ፣ አቧራውን ይይዛል፣ ይተነፍሳልም። የአየር ማጣሪያውን፣ ፍልትሮውንም ክፈተው። አንድ ጊዜ አልሞላ ብሎኝ ስከፍተው አይጥ ጎጆ ሠርታበት አገኘሁ።

ሌላው፣ ከቆመ በኋላ ስታስነሳው ሞተሩ እም... ብሎ ካልዞረ ቶሎ አጥፋው። እኛ ሰፈር ማታ ማታ መብራቱ ይደክማል፣ በዚያ ላይ በረጅም ቀጭን ማራዘሚያ ከሰካኸው ጉልበት ያንሰውና ሞተሩ ይቃጠላል። ማራዘሚያውን ትተህ የአየር ቱቦውን አስረዝም። ለቨርኒሽ ደግሞ ከመርጫው በፊት የውሃ መያዣ ግጠምለት፣ ታንከሩን ብታፈስሰውም ሲሠራ የሚፈጠር ውሃ አለና።

ከቆጪ
ጋሼ፣ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ እንዳላችሁኝ አፈሰስኩት። ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ወጣ፣ እንደ ሻይ ቀይ ሆኖ፣ የዝገት ቅርፊትም አለበት። መልሼ አየር ሞልቼ ሳሙና ቀባሁበት፤ ከሥሩ፣ እግሩ የተበየደበት አጠገብ፣ ትንንሽ አረፋ ይሠራል። ቀዳዳው አይታይም እንኳ። እዚህ ሰፈር ጎበዝ በያጅ አለ፣ ነጥብ አድርጎ ይዝጋልኝ?

የድሮ ጎሚስታ
በፍጹም አይበየድ! ዛሬውኑ አየሩን አውጣና ዳግመኛ እንዳትሞላው። ላዩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ካየህ በዙሪያው ያለው ብረት ከውስጥ ሳስቷል ማለት ነው። በያጁ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የሚይዘው ያንን ስስ ብረት ነው፣ የብየዳው ሙቀትም ጎኑን ያደክመዋል። ውሃ የሞላ ታንከር ቢሰነጠቅ ይፈስሳል፣ ያ ነው። የታመቀ አየር ግን ታንከሩን እንደ ቦምብ ይበትነዋል። ያንተ ደግሞ ልጆች የሚገቡበት ጓዳ ውስጥ ነው ያለው።

ሞተሩና የማሽኑ ራስ (አየሩን የሚያምቀው ክፍል) ደህና ከሆኑ ፍታቸው፣ ሌላ ታንከር ላይ ይገጠማሉ። ያገለገለ ታንከር ካገኘህ ውሃ ሞልተው በእጅ ፓምፕ እስከ 12 ባር እንዲፈትሹልህ ጠይቅ፣ የ8 ባሩ አንድ ተኩል እጥፍ መሆኑ ነው። በአየር አይፈተሽም። ሴፍቲ ቫልቩን አሮጌውን አታዛውር፣ አዲስ ግዛ።

ከቆጪ
ልጆች ሲሉ ደነገጥኩ፣ እውነት ነው፣ ብስክሌታቸው እዚያው ነው የሚቀመጠው። አየሩን አውጥቼ ሞተሩን ፈትቼዋለሁ። ታንከሩን ነገ ለቆራሌው እሰጠዋለሁ።

ከሂርማታ
ከመስጠትህ በፊት በድሪል ሁለት ሦስት ቦታ ብሳው። እንዲሁ ከሰጠኸው አንዱ ቀለም ቀብቶ መልሶ ይሸጠዋል።