ጥቆማ፦ ለቢላ ሥራ የሚሆን ቤልት ግራይንደር፣ ተገዝቶ ወይስ ቶርኖ ቤት ተሠርቶ?

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ሦስቱም ቢላ መሥራት ጀምረዋል። በሞረድና በእጅ ግራይንደር መልፋት ሰልችቷቸዋል። የሚፈልጉት ቤልት ግራይንደር ነው፤ የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ (ቤልት) በፑሊዎች ላይ እያዞረ ብረት የሚሞርድ ማሽን። አዲስ አበባ ላይ ቤልት ግራይንደር የት ይገኛል? ይገዛ ወይስ ይሠራ? ከተገኘ በኋላስ እንዴት ነው የሚስተካከለው? ለእያንዳንዱ በስልክ ቆራርጬ ከምነግር ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

እኔ ከባሌስትራ ለሥጋ ቤቶች ካራ እሠራለሁ። እስካሁን ሦስት ማሽን ይዤ አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ገዛሁ፣ ሁለተኛውን አሠራሁ፣ ሦስተኛውን እንደገና አሠራሁ። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ይለወጣል።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ሥራውን እንጀራዬ ብላችሁ የያዛችሁት ከሆነ እዚሁ አሠሩት። ብራችሁን ግን ፍሬሙ ላይ አትጨርሱ። ፑሊዎቹና ቤልቱ ላይ አውሉት። ጥሩ ፑሊ ያለው ሻካራ ፍሬም ይሠራል። መጥፎ ፑሊ ያለው ቀለም የተቀባ ፍሬም ግን ሁልጊዜ ያስለቅሳችኋል።

ከተዘጋጁት እንጀምር። የኮንስትራክሽን ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ የምታገኟት ትንሽ ማሽን አለች። ቤልቷ ወርዱ 25 ሚሊ፣ ዙሪያው 762 ሚሊ ነው። ለመሳል ሥራ ግሩም ናት። የሥጋ ቤት ካራ እየሰበሰበ ለሚስል ሰው ዓይኔን ሳላሽ እጠቁማታለሁ። ከባሌስትራ ቢላ ቀርጾ ለማውጣት ግን ጉልበት የላትም። ጫን ስትሏት ትቆማለች። ቤልቷም አጭር ስለሆነ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ያልቃል። ሌላዋ ለእንጨት የተሠራችው፣ ቤልቷ 100 በ915 ሚሊ የሆነችው፣ ጎኗ ላይ ክብ ዲስክ ያላት ናት። ለእጀታ እንጨት ውሰዷት። ብረት ካስነካችኋት ግን የብናኝ ከረጢቷን መጀመሪያ ንቀሉ። የእንጨት ብናኝ በተጠራቀመበት የብረት ፍንጣሪ ከገባ እሳት ይነሳል።

ሁለተኛው መንገድ ከውጭ ማስመጣት ነው። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው። የአሜሪካ ቢላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ልክ 2 በ72 ኢንች ነው፤ በእኛ 50 በ1830 ሚሊ ማለት ነው። ማሽኖቹ በጣም ጥሩ ናቸው። ችግሩ ሞተሩ ላይ ነው። የእነሱ የቤት መብራት 120 ቮልት ሆኖ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርድላችኋል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በደቂቃ 1,725 ጊዜ ይዞር የነበረው ሞተር ወደ 1,440 ገደማ ይወርዳል፣ ከልኩ በላይም ይግላል። ክብደቱ ደግሞ አለ። የዘመድን ሻንጣ በብረት መሙላት ያስቀይማል።

ስለዚህ ዘመዳችሁን ማሽን አምጣልኝ አትበሉት። ፑሊና ቤልት ብቻ ለምኑት። ሁለቱም ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ፣ እዚህ ለማግኘት የሚያስቸግሩትም እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አውሮፓ ላይ በብዛት የሚገኘው ቤልት ዙሪያው 2000 ሚሊ ነው። ፍሬሙ ከመበየዱ በፊት ቤልታችሁ ከየት እንደሚመጣ ወስኑ። ዘመዳችሁ ዳላስ ነው ወይስ ፍራንክፈርት? እኔ ሳልጠይቅ በያጁን አስጀመርኩትና በኋላ ከጀርመን የመጣልኝ ቤልት አልገጥም አለኝ። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። መሪውን ፑሊ (ቤልቱን መሃል ላይ የሚያስኬደውን) የሚሸከመው ክንድ ላይ በ85 ሚሊ ርቀት ሁለተኛ ቀዳዳ አስበሳሁ። ክንዱን ከፍ ሳደርገው 2000፣ ዝቅ ሳደርገው 1830 ይወስዳል። አዲስ የምታሠሩ ከሆነ ከመጀመሪያው ሁለት ቀዳዳ አስበሱ።

ወደ እዚሁ ማሠራት ልለፍ። ፍሬሙን በርና መስኮት የሚሠራ የሰፈር በያጅ ይሠራዋል። ወፍራም ቱቦላሬ ይኑረው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። ፑሊው ግን የቶርኖ ሥራ ነው፤ ቶርኖ ቤት ደግሞ ከቶርኖ ቤት ይለያያል።

የመጀመሪያዎቹን ፑሊዎች ያሠራሁት ርካሽ ነው ብዬ ከቀለጠ አሉሚኒየም ነበር። አሮጌ ድስት ቀልጦ፣ በአሸዋ ቅርጽ ፈስሶ፣ በላይ በላዩ በቶርኖ ተልጓል። ሲታይ ያብለጨልጫል። ማሽኑ ላይ ሲገባ ጠረጴዛው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ውስጡ የአየር ቀዳዳ ነበረው፤ አንደኛው ጎን ከሌላው ይከብዳል። በሚቀጥለው ከድፍን የአሉሚኒየም ዘንግ አስቆርጬ አሠራሁ። ዋጋው በእጥፍ በለጠ። መንቀጥቀጡ ግን ጠፋ፤ ካራው ላይ ይቀር የነበረው ሞገድ የመሰለ ምልክትም አብሮ ጠፋ።

ቶርኖ ቤት ስትሄዱ ሠራተኛውን እንዲህ በሉት። መሃል ቀዳዳውና የውጭ ፊቱ ዕቃው ሳይፈታ በአንድ ማሰሪያ ይልጉ። ፈቶ ገልብጦ ካሠረው መሃሉ ይስታል። መሪው ፑሊ ፊቱ ጠፍጣፋ አይሁን። መሃሉ በትንሹ ከፍ ብሎ ጠርዞቹ በ1 ሚሊ ያህል ዝቅ ይበሉ። ቤልቱን መሃል ላይ የሚይዘው ያ ጉብታ ነው። ኩሽኔታውን ሁለት ሁለት አድርጉ፤ 6202 ወይም 6203 ሆኖ በሁለቱም በኩል በጎማ የተሸፈነውን ግዙ። ክፍቱን ኩሽኔታ የብረት ብናኝ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። የሞተሩን ዘንግ ደግሞ በማስመሪያ ለክታችሁ አትሂዱ። 1.5 ኪሎዋት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ 24 ሚሊ ዘንግ አለው። ሆኖም ሞተሩን ራሱን ተሸክማችሁ ውሰዱት።

ስትረከቡ ጠመኔ በኪሳችሁ ይኑር። ፑሊውን ዘንግ ላይ አስገብታችሁ አዙሩት። ጠመኔውን እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ ቀስ ብላችሁ አስጠጉ። ዙሪያውን እኩል ከነጣ ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከነጣ ያ ቦታ ጉብ ብሏል ማለት ነው፤ እዚያው መልሱለት። ጠመኔ ሳወጣ «ምን ችግር አለው? ይሠራል» ያለኝ ነበር። ኮምፓራተሩን (መሃሉን የሳተ ነገር የሚለካበትን ባለ ሰዓት መለኪያ) ከመሳቢያ አውጥቶ አብሮኝ የለካም ነበር። ደንበኛ የሆንኩት የሁለተኛው ነው።

ሞተርን በተመለከተ አሮጌ ከገዛችሁ የተጠመዘዘ (የውስጥ ሽቦው እንደ አዲስ የተጠቀለለ) መሆኑን ጠይቁ። መጠምዘዙ አያስነውርም። በጥሩ ባለሙያ የተጠመዘዘ ዲናሞ ዓመታት ይሠራል። ለግማሽ ሰዓት አስነድታችሁ በእጃችሁ ዳሱት። እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ካለው ተዉት። አቅም ካላችሁ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ከኢንቨርተር (ከሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ጋር ውሰዱ፤ ፍጥነቱን እንደ ፈለጋችሁ ታደርጉታላችሁ። የቤት 220 ቮልት የሚቀበለው ኢንቨርተር የሚያወጣው ሦስት ፌዝም 220 ነው። ስለዚህ ሞተሩ ላይ 220/380 የሚል ካለ በዴልታ ነው የሚያያዘው። በስታር ካያያዙላችሁ ጉልበት ያጥረዋል። ካፓሲተር ያለው ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ደግሞ በእነዚህ ኢንቨርተሮች አይነዳም። ሻጩ ይሆናል ቢላችሁም አትስሙት።

ኢንቨርተር ካልቻላችሁ በደቂቃ 1,440 የሚዞር ሞተር ላይ 150 ሚሊ ፑሊ ግጠሙ። ቤልቱ በሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። ያው ፑሊ በ2,850 ሞተር ላይ 22 ሜትር ይሄዳል። ይህ ለልምድ ያለው ሰው ደስ ይላል። ለጀማሪ ግን ስህተቱን ከማየቱ በፊት ቢላውን ይጨርስበታል።

ማብሪያውን ተራ ማብሪያ አታድርጉት። መብራት ሲጠፋ ረስታችሁት ትወጣላችሁ። ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሳል። እኔ ቤት ልጄ ቤልቱ አጠገብ ቆሞ እያለ ተነስቷል። እግዚአብሔር አተረፈልኝ። በማግስቱ ኮንታክተር ያለው ማብሪያ አስገጠምኩ፤ መብራት ሲሄድ ይለቃል፣ ሲመለስ ካልተጫኑት አይነሳም።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። ማሽኑ ተሠርቶ ቤት ገብቷል እንበል። ሶኬት ከመሰካታችሁ በፊት አንድ ቀጥ ያለ ቱቦላሬ የፑሊዎቹ ጎን ላይ አስደግፉ። ሁሉንም እኩል መንካት አለበት። አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ ከኋላው ሮንዴላ እየጨመራችሁ አውጡት። ይህን ዘልላችሁ በመሪው ፑሊ ብቻ ለማቃናት ብትሞክሩ ቤልቱ ለጊዜው ይቆምላችሁና ብረት ስታስነኩት ይሸሻል።

ቀጥሎ ቤልቱን አስገቡ። ጀርባው ላይ ቀስት ካለ በቀስቱ አቅጣጫ ይሁን። ቤልቱን የሚወጥረውን ሞላ ልቀቁና ቤልቱን በእጃችሁ አሥር ዙር ያህል አዙሩት። ዝም ብላችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። ወደ አንድ ጎን ከሄደ የመሪውን ፑሊ ማዘንበያ ብሎን ሩብ ዙር ንኩ፣ እንደገና አዙሩ። የትኛው አቅጣጫ ወዴት እንደሚወስደው እዚያው ይገባችኋል። ሩብ ዙር ያልኩት በምክንያት ነው። ግማሽ ዙር የነካ ሰው ቤልቱን ከመሃል አልፎ ወደ ሌላው ጎን ይልከዋል፣ ከዚያ ሲያመላልስ ይውላል። በእጅ ዞሮ ባለበት ሲቆይ ሶኬቱን ሰኩ፣ አብሩና ወዲያው አጥፉት። ከጎን ቁሙ። ከማሽኑ ፊት ለፊት ማንም አይቁም። ሲወጣ እንደ አለንጋ ነው።

ውጥረቱን ሞላው ይሰጣችኋል። ብረት ጫን ስትሉ ሞተሩ እየዞረ ቤልቱ ከቆመ ሞላው ላልቷል። ኩሽኔታው ከጋለ ወይም ቤልት መገጣጠሚያው ላይ እየተላቀቀ ካስቸገራችሁ በዝቷል።

ከቤልቱ ጀርባ ያለው ጠፍጣፋ መደገፊያ ብረት ላይ ጊዜ አጥፉ። ከላይና ከታች ካሉት ፑሊዎች ፊት 2 ሚሊ ያህል ወደ ፊት ይውጣ። ወደ ኋላ ከቀረ ቤልቱ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ የቢላው ፊትም ቀጥ አይልም። ማስቀመጫ ጠረጴዛውን በስኳድራ 90 ዲግሪ አድርጉ፣ ነገር ግን በስኳድራው ብቻ አትመኑ። የቁራጭ ብረት ጠርዝ በማርከር አጥቁሩና ለአፍታ አስነኩት። ማርከሩ ከላይ እስከ ታች እኩል ከጠፋ ልክ ነው። ከላይ ብቻ ከጠፋ ጠረጴዛው አዘንብሏል።

መደገፊያው በጊዜ ብዛት መሃሉ ይበላል። ማስመሪያ አጋድማችሁ ከጀርባው ብርሃን ካያችሁ አልቋል። እኔ የተሰበረ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሴራሚክ መስታወት ከጠጋኝ ገዝቼ አስቆርጬ በኢፖክሲ ለጥፌበታለሁ። ከብረቱ ይልቅ ይቆያል፣ ሙቀትም ይችላል። የመስኮት መስታወት እንዳትሞክሩ፤ ሲግል ይሰነጠቃል።

ቤልቱን ራሱን ከሁለት ቦታ ግዙ። እዚህ ከጥቅል የብርጭቆ ጨርቅ ቆርጠው ለእንጨት ቤቶች ቤልት የሚገጥሙ ሰዎች አሉ። ልኩን ስትነግሯቸው ይሠሩላችኋል። 120፣ 240 እና 400 ቁጥሮችን (ቁጥሩ ሲጨምር ቤልቱ እየለሰለሰ ይሄዳል) ከእነሱ እወስዳለሁ፤ ይበቃኛል። መገጣጠሚያው ላይ ጣታችሁን አሳልፉ። ጉብ ያለ ከሆነ መደገፊያው ላይ ጠቅ ጠቅ እያለ ቢላው ላይ መስመር ይተዋል። ለመጀመሪያው ሻካራ ሥራ፣ ለ36 ወይም 40 ቁጥር ግን ሴራሚክ የተባለውን ከውጭ አስመጡ። ውድ ነው። ሆኖም የአንዱ ሴራሚክ ዕድሜ የተራውን ብዙ እጥፍ ሆኖብኛል፣ ብረቱንም እንደ ተራው አያግልም። የደነዘዘ ቤልት በግድ ሲጫኑት ነው ቢላ የሚቃጠለው። ቢላው በእሳት ከጠነከረ በኋላ ስትሞርዱ በባዶ እጅ ያዙት፣ አንድ ጊዜ ባሳለፋችሁት ቁጥር ውሃ ባልዲ ውስጥ ንከሩት። ጫፉ ሰማያዊ ቀለም ካሳየ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል፣ እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬው ሄዷል።

አንዲት እህት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይሆናል ወይ ብላኛለች። አይሆንም እላለሁ። ድምፁን ጎረቤት ቢችለው እንኳ ብናኙ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ይገባል። ከሰፈር ብየዳ ቤት ጥግ ተከራዪ። እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው። መነጽርና ደህና የአቧራ ጭምብል ግን እዚያም አይቅርብሽ።

የፍሬሙን ልኬት በእጄ የሣልኩት ወረቀት አለኝ። የሚፈልግ ይጻፍልኝና ፎቶውን እልካለሁ። ቤልቱ 1830 ነው ወይስ 2000 የሚለውን አብራችሁ ንገሩኝ።