ሶሪያሲስ፦ ቅባቱን ሳቆም ለምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦
ሐኪም ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ ነው ብሎኛል። ክርኔ ላይ ቀልቶ ከላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ስልጠው ነጠብጣብ ደም ብቅ ይላል። ጭንቅላቴም ላይ ስላለ ጥቁር ልብስ ትቻለሁ፤ ትከሻዬ ዱቄት የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። ስቴሮይድ ቅባት ስቀባ ይጠፋል፤ ሳቆም ተመልሶ ከች! እህቴ ደግሞ ፎጣዬን ለይታ ሰቅላለች። እውነት ይተላለፋል እንዴ?

መልስ 1፦
ኧረ አይተላለፍም! ፎጣውን መልሺው በላት። የራሳችን በሽታ መከላከያ ነው ቆዳውን የሚያጣድፈው። ጤነኛ ቆዳ ለመታደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ የእኛ በቀናት ውስጥ ከላይ ይደርሳል። ለዚያ ነው የሚቆለለው። ቅባቱ ያበርደዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። መላጡን ግን ተው፤ የተጫረ ቆዳ ላይ አዲስ ሊወጣ ይችላል። እኔ ከሻወር እንደወጣሁ፣ ገላዬ ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን እለቀለቃለሁ። አንሶላው ይጨማለቃል፣ ምን ይደረግ። ለጭንቅላት ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ሻምፖ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል። ሲጋራ ካለ ደግሞ... ያባብሰዋል፣ ታውቀዋለህ።

መልስ 2፦
ስቴሮይዱን በራስህ ጊዜ አታራዝመው፣ ቆዳ ያሳሳል። ካልሲፖትሪዮል የሚባል የቫይታሚን ዲ ዓይነት ቅባትም አለ፤ ሐኪምህን ጠይቀው። ጠዋት ጣቶችህ ይገትሩሃል? ጥፍርህ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ? ካሉ ሳትውል ሳታድር ንገረው፤ መገጣጠሚያም ሊነካ ይችላል።

ጠያቂው፦
ጣቴ ደህና ነው። ጥፍሬ ላይ ግን አለ! ለቀጠሮዬ ጽፌ ይዣለሁ።